እናትአለም፣ ዐቦኮርና የሌለው ዩራኒየም

እናትአለም ተክለማርያም ሒሳብ የተማረችው ዓለም እንዳይደርስባት ብላ ነው። ይህን ከማንም አትደብቅም ነበር፤ ለተማሪዎቿ ሳይቀር ትነግራቸዋለች። አባቷ አቶ ተክለማርያም ከሸዋ መጥተው ጅጅጋ ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። በስልሳ ዘጠኝ ጦርነቱ ሲመጣ ሱቃቸውን ቆልፈው ቤተሰባቸውን በጭነት መኪና ወደ ሐረር አሸሹ። ሲመለሱ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ሱቁ ግን አልነበረም። እንደገና ሠሩት። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ሱቁ ቀርቶ ውስጡ የነበረው ሄደ። ልጃቸው ከዚህ ሁሉ የቀሰመችው ትምህርት አንድ ነው፤ ልብ የሚጣልበት ነገር ማንም የማይፈልገውና ለማንም የማይጠቅም መሆን አለበት።

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ስትገባ ያንን ነገር አገኘችው። የቁጥር ቲዎሪ የሚያስተምሩት ሽማግሌ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጠመኔያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ "ይህ ትምህርት ለምንም አይጠቅምም። ሥራ የምትፈልጉ ስታቲስቲክስ ግቡ" አሉ። ብዙዎቹ ምክራቸውን ሰሙ። እናትአለም ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጥታ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

የወደደችው ብቸኛ ቁጥሮችን ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ እያሉ የሚቀጥሉትን፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ሌላ ቁጥር እኩል የማያካፍላቸውን። ቀጥሎ የት ብቅ እንደሚሉ የሚናገር ቀላል ሕግ የላቸውም። አንዳንዴ ሁለቱ ተጠጋግተው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ እንደ አዲጋላ መንገድ ረጅም ተጉዘህ አንድም አታገኝም። ባንኮች ምስጢር ለመቆለፍ ይጠቀሙባቸዋል የሚል ወሬ ሰምታ ቅር ብሏት ነበር። ነገር ግን የጅጅጋው ባንክ ያኔ ገና በእጅ ይጽፍ ስለነበር ነገሩን ችላ አለችው።

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወደ ጅጅጋ ተመልሳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ሆነች። ዓመታት አለፉ፤ አላገባችም። ተማሪዎቿ በሌለችበት "ብቸኛ" ይሏት ጀመር። እንደሰማቻቸው ሲያውቁ ደነገጡ፤ እሷ ግን "ከአንድና ከራሴ በቀር የሚያካፍለኝ የለም ማለት ነው፤ ክብር ነው" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስሙ ጣዕም አጣና ተዉት።

ዓለም ግን መጣባት። የመጣባትም በዐቦኮር ኑር በኩል ነው።

ዐቦኮር የፊዚክስ መምህር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ ሰው። ወጣት ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሞቃዲሾ ተሰዶ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ያኔ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የሚሰጠው በጣሊያንኛ ስለነበር ፊዚክስን በጣሊያንኛ ተማረ። በሰማንያ ሦስት ያ አገርም ሲፈርስ በሐርትሼክ የስደተኞች ጣቢያ በኩል ወደ ተወለደበት ጅጅጋ ተመለሰ። እናም በሶማሊኛ የሚያስብ፣ በጣሊያንኛ የሚያሰላ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ በአማርኛ የሚጣላ ሰው ሆነ። አማርኛውን የተማረው በገበያና በቢሮ ወረፋ ላይ ስለሆነ ለጠብ በጣም ምቹ ነበር።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት አንድ ረፋድ ላይ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ሲጠጡ እናትአለም ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ለሌላ መምህር ታወራለች። ዐቦኮር ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ይቅርታ፣ መዓሊማ" አላት። መዓሊማ በሶማሊኛ መምህርት ማለት ነው። "እነዚህ ቁጥሮች ምን ይሠራሉ?"

"ምንም" አለችው።

"ምንም ማለት?"

"ምንም አይሠሩም። እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ታዲያ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልሽ ለምንድን ነው?"

ክፍሉ ሳቀ። እናትአለም ፊቷ ቀላ። "መምህር ዐቦኮር" አለች፣ "ፊዚክስ የሒሳብ ተከራይ ነው። ተከራይ ደግሞ የቤቱን ባለቤት ቤትሽ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ ብሎ አይጠይቅም።"

ክፍሉ አሁን የበለጠ ሳቀ። ዐቦኮር ተነሣ። "ወላሂ፣ ሒሳብ የፊዚክስ ሠራተኛ ናት! ሠራተኛ ደግሞ ጌቶቿ እንግዳ ሲቀበሉ ሳሎን አትገባም!" ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በማግስቱ ገብቶ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ሰላም አለ፤ እሷን ዘለላት። እሷም እስኪጀምራት ጠበቀች። እሱም እስክትጀምረው ጠበቀ። እንዲህ ሆኖ ሲጠባበቁ አሥር ዓመት ገደማ ሄደ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ጥቂት ከቆየ በኋላ የራሱን ሥርዓት ይሠራል። ሻይ የምታቀርበው ሳሚያ ሁለት ፔርሙስ ይዛ መምጣት ጀመረች፤ አንዱ በክፍሉ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ይቀመጣል። ርእሰ መምህሩ አቶ ኸሊፍ፣ ሰላም ወዳድና ደም ግፊት ያለበት ሰው፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ሁለቱ በር ላይ እንዳይገናኙ አድርጎ ያወጣው ነበር። የተጎዱት ተማሪዎች ናቸው። ፊዚክስ ላይ ሎጋሪዝም የሚያስፈልግበት ጊዜ ሲደርስ ዐቦኮር "ሒሳብ ላይ ትማሩታላችሁ" ይላል። እናትአለም ደግሞ "ለፊዚክስ ካስፈለገ ፊዚክስ ያስተምራችሁ" ትላለች። ሁለቱም በየበኩላቸው ሲጸጸቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ያስተምሩታል። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ሎጋሪዝም ላይ የታወቁ ጎበዞች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተገለበጠው እናትአለም ሁለተኛ ዲግሪዋን በክረምት ለመማር አዲስ አበባ ስትመላለስ ነው። በ1999 ክረምት አንድ እንግዳ አስተማሪ መጥቶ ንግግር አደረገ። እንዲህ አለ፦ ብቸኛ ቁጥሮች እንዴት እንደተበተኑ የሚወስኑ ሌሎች ቁጥሮች አሉ፤ ሒሳብ ሰዎች ዜሮዎች ይሏቸዋል። አንድ ወጣት የሒሳብ ሰው በእነዚህ ዜሮዎች መካከል ያለው ርቀት ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ሲያጠና ቆየና፣ በስልሳዎቹ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ በሻይ ሰዓት ከአንድ ታዋቂ የፊዚክስ ሰው ጋር ተዋወቀ። ያገኘውን ቀመር ሲነግረው የፊዚክሱ ሰው ደነገጠ። ቀመሩን ያውቀዋል። እንደ ዩራኒየም ያሉ ከባድ አቶሞች አስኳል ውስጥ ያለውን ኃይል ለማጥናት የፊዚክስ ሰዎች የሚጠቀሙበት ሒሳብ ነው።

አዳራሹ አጨበጨበ። እናትአለም አላጨበጨበችም። ሰው ቤቷ ውስጥ ገብቶ ዕቃ ሲያነሣ እንደደረሰች ሆነች። ማንም እንዳይደርስባቸው ብላ የመረጠቻቸው ቁጥሮች፣ ከነገር ሁሉ ዩራኒየም! ደግሞ የባሰው በሻይ ሰዓት መሆኑ ነው። የሒሳብ ሰውና የፊዚክስ ሰው አብረው ሻይ መጠጣታቸው፣ በቃ፣ ያ ነው ያገናኘው። እሷ በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ፔርሙስ ሻይ በክፍሉ በዚያኛው ጫፍ እንዳለቀ አሰበችና አንገቷን ደፋች።

ጅጅጋ ስትመለስ ነገሩን ልተወው ብላ ነበር፤ አልተዋትም። ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ገጹ ግማሽ ድረስ ሲከፈት መብራት ይጠፋል። ሲመጣ ግማሹ እንደገና ይጀምራል። የመጀመሪያውን ግማሽ በቃሏ ያዘችው፤ የሚያስፈልጋት ግን ሁለተኛው ነው። የአቶም አስኳል የኃይል ደረጃ ማለት ምን ማለት ነው? ለምንድን ነው ደረጃዎቹ እርስ በርስ የማይጠጋጉት? ይህን ሊነግራት የሚችል በከተማው ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ጢሙ ቀይ ነው።

በመጀመሪያ ሳሚያን ላከች። "እናትአለም ስለ ከባድ አቶም ትጠይቅሃለች በይው" አለቻት። ሳሚያ ፔርሙሷን ይዛ ክፍሉን አቋርጣ ሄደች፤ አቶም የሚለው ቃል ግን መንገድ ላይ ወደቀባት።

"እናትአለም ከባድ ነገር እጠይቅሃለሁ ብላለች" አለችው።

ዐቦኮር ቀና ሳይል፣ "ከባድ ከሆነ ራሷ ተሸክማ ታምጣው" አለ።

እሷም እንደዚህ ተብላ አልሄደችም።

በ2000 ግንቦት ላይ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደረሰ። ፈታኝ መምህራን ከከተማ ከተማ ይቀያየሩ ነበርና ጅጅጋ ያሉት ዛሬ ሲቲ ወደሚባለው ዞን ተመደቡ። እናትአለም ስሟን ለኤረር ከተመደቡት መካከል አገኘችው። ከሥሩ ደግሞ ዐቦኮር ኑር የሚል ነበር። አቶ ኸሊፍ ይቅርታ ጠየቃት። "እኔ አይደለሁም ያደረግሁት፤ ከላይ የመጣ ነው" አላት። እሷ ዝርዝሩን ደግማ አነበበችው።

በሐረርና በድሬዳዋ አድርገው ኤረር እስኪደርሱ በአንድ ላንድክሩዘር ኋላ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ትከሻቸው ይጋጫል፤ ይቅርታ ማለት ንግግር መጀመር ስለሆነ ማንም ይቅርታ አይልም። ሾፌሩ ሁለቱም ዲዳ መስለውት ዘፈኑን ከፍ አደረገው።

ኤረር ሲደርሱ ፈተናው አልደረሰም። ወረቀቱን የጫነችው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽታ ፖሊሶች ከበዋት ቆማለች ተባለ። እስክትመጣ የሚሠራ ነገር የለም። ሙቀቱ ግቢውን ሁሉ አባሮ ሰውን አንዲት የግራር ጥላ ሥር ሰበሰበው። አንዲት ሴት በግመል ወተት የፈላ ሻይ ይዛ መጣች። አንድ ፔርሙስ ብቻ ነበራት።

እናትአለም ሻዩን አንዴ ጎንጨት አለችና ፊቷን ወደ ሜዳው እንዳደረገች ተናገረች።

"መምህር፣ ዩራኒየምን በኒውትሮን ቢመቱት ምን ይሆናል?"

ዐቦኮር ወደ ግራ ተመለከተ፤ ወደ ቀኝ ተመለከተ። ከጥላው ሥር ያለው ሌላ መምህር ተኝቷል። "እኔን ነው?" አለ።

"ሌላ ማን አለ እዚህ ፊዚክስ የሚያውቅ?"

ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሳታስበው ያመለጣት ነው። ዐቦኮር ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ከማንም እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ብርጭቆውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ።

"እንደ ኒውትሮኑ ፍጥነት ነው" አለ። "አብዛኛውን ጊዜ ችላ ይለዋል። አንዳንድ ፍጥነት ላይ ግን፣ ልክ የሚያውቀው ሰው እንደጠራው ዓይነት፣ አቅፎ ይቀበለዋል። እነዚያ የሚቀበልባቸው የኃይል ደረጃዎች ናቸው።" እንጨት አነሣና አሸዋው ላይ ከላይ ወደ ታች መስመር ማስመር ጀመረ። "አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚህ። የት እንደሚሆኑ አስቀድሞ ማስላት አይቻልም፤ አስኳሉ ውስጥ ሁሉም እርስ በርስ ይገፋፋል። እንደ ቶጎጫሌ ገበያ ነው።"

"ግን አይደራረቡም።"

"አይደራረቡም። ሁለት መስመር በጣም ከተጠጋጋ ይገፋፋል። አንቺ ይህን በየት ታውቂያለሽ?"

እናትአለም እንጨቱን ከእጁ ወሰደችው። ከእሱ መስመሮች አጠገብ የራሷን ማስመር ጀመረች። "አሥራ አራት ነጥብ አንድ ሦስት። ሃያ አንድ ነጥብ ዜሮ ሁለት። ሃያ አምስት ነጥብ ዜሮ አንድ። ሠላሳ ነጥብ አራት ሁለት። ሠላሳ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሦስት…"

ዐቦኮር ተንበርክኮ አየ። ጢሙ አሸዋውን ሊነካ ደረሰ። "ይህ የምን አስኳል ነው? ቶሪየም ነው?"

"አስኳል አይደለም።"

"ታዲያ?"

"ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። የእነሱ ዜሮዎች። ጥቂቶቹን ብቻ ነው ያሰመርኩት፤ በሚሊዮን ሲሆኑ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ልክ እንደርስዎ መስመሮች ነው የሚሆነው አሉ። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።"

ዐቦኮር መስመሮቿን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለ። ከዚያ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልለየላትም። ሲቀጥል ድምፁ ሌላ ነበር። "ማንም ሳይሠራቸው፣ ማንም ሳይመታቸው፣ ከዓለም በፊት የነበሩ ቁጥሮች እንደ ዩራኒየም ይገፋፋሉ ነው የምትይኝ?"

"አዎ።"

"ሀዬ!" ብሎ ጭኑን መታ። "ስለዚህ ቁጥሮችሽ ፊዚክስ ናቸው!"

እናትአለም እንባዋ ሊመጣ ነበር፤ ይህን ስትሰማ ወዲያው ደረቀ። "የለም! የእርስዎ ዩራኒየም ነው ሒሳብ የሆነው!"

የተኛው መምህር ነቅቶ "ምን ተፈጠረ? ፈተናው መጣ?" አለ። አልመጣም። በማግስቱ ነው የመጣው። ሁለቱ እስከዚያ ድረስ፣ ቀጥሎም ፈተናው እስኪያልቅ፣ ከዚያም እስከ ጅጅጋ ድረስ ሲከራከሩ ሄዱ። ሾፌሩ ድሬዳዋ ላይ ዘፈኑን ዘግቶ፣ "ስትመጡ ይሻል ነበር" አላቸው።

አቶ ኸሊፍ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ሲጯጯሁ ባየ ጊዜ መጀመሪያ ሊገላግል ሮጠ። ነገሩ ሲገባው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። እርቁን ከተማው ሁሉ እንዲያይለት ፈለገና ሕዝባዊ ንግግር እንዲያደርጉ አዘዘ፤ የትምህርት ቤቱ በር ላይም በሰማያዊ ጨርቅ ትልቅ ማስታወቂያ ሰቀለ። እናትአለም የሰጠችው ርእስ "በብቸኛ ቁጥሮች ዜሮዎችና በከባድ አቶሞች የኃይል ደረጃዎች መካከል ስላለው ተመሳሳይነት" የሚል ነበር። ጨርቁ ግን ለዚህ ሁሉ ስላልበቃ ጸሐፊው አሳጠረው። የተሰቀለው "ቁጥሮችና ዩራኒየም በጅጅጋ" የሚል ነው።

የዚያን ቀን አዳራሹ ለሰዉ አልበቃም። እናትአለም ከመድረኩ ላይ ሆና ስታይ ዕድሜ ልኳን ሰው እንደናፈቃት ታወቃት። ፊት ለፊት ነጋዴዎች ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው የመሬት ደላሎች፤ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ማንነታቸውን የማይናገሩና ሁሉም የሚያውቃቸው ሰዎች። የዐቦኮር ባለቤት ዑባህም መጥታ ነበር። እናትአለምን ከእግር እስከ ራስ አይታ፣ "አንቺ ነሽ?" አለቻት። "አሥር ዓመት ሙሉ እራት ላይ ስላንቺ ብቻ ነው ያወራነው። እኔ እኮ ግዙፍ ሴት መስለሽኝ ነበር።"

እናትአለም ስለ ዜሮዎቹ አስረዳች፤ ዐቦኮር ስለ አስኳሉ አስረዳ። ሰው በጸጥታ አዳመጠ፤ አንዳንዱም በወረቀት ይይዝ ነበር። ጥያቄ ካለ ሲባል ፉአድ የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ እጁን አወጣ።

"በጣም ግሩም ትምህርት ነው" አለ። "እኔ የምጠይቀው አጭር ነው። በካራማራ በኩል ነው ወይስ በፋፈን በኩል?"

"ምኑ?" አለች እናትአለም።

ፉአድ ፈገግ አለ። እዚህ ሰው ፊት ሊናገሩት እንደማይችሉ እንደገባው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ። ከሱ በኋላ ማንም ስለ ብቸኛ ቁጥሮች አልጠየቀም።

በሳምንቱ ሁለቱ በሩ ላይ ስም ወዳልተጻፈበት ቢሮ ተጠሩ። እናትአለም እስከዚያ ድረስ ለሳይንስ ብላ ፈርታ አታውቅም፤ ያን ቀን ፈራች።  ውስጥ ያገኙት ሰው ግን ለስለስ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ነበር። ሻይ አዘዘላቸው።

"ዩራኒየሙ የት ነው?" አለ።

"ዩራኒየም የለም" አለች እናትአለም።

"በስብሰባው ላይ አለ ብላችኋል።"

"ያልነው እንደ ዩራኒየም የሚሆን አለ ነው" አለ ዐቦኮር።

"እንደ ዩራኒየም የሚሆነው ምንድን ነው?"

"ቁጥሮች።"

"ቁጥሮቹስ የት ናቸው?"

እናትአለም አሰበች። "የትም" አለች።

ሰውየው ብዕሩን አነሣ። "የትም አሉ ነው ወይስ የትም የሉም?"

እናትአለም ከንግግሩ ወዲህ ከተጠየቁት ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ ይህ እንደሆነ በልቧ ሳታምን አልቀረችም። ሰዎች እሱን ሲጠይቁ ሁለት ሺህ ዓመት አልፏል።

"እሺ" አለ ሰውየው ደክሞት። "ሁለታችሁም ዩራኒየም አለመኖሩን ጽፋችሁ ፈርሙልኝና ሂዱ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ችግሩ ሁለቱ መምህራን መሆናቸው ነው። እናትአለም "ዩራኒየም የለም" ብላ ጻፈች። ዐቦኮር አልፈርምም አለ።

"ይህ ስሕተት ነው። ዩራኒየም በየትኛውም አፈር ውስጥ ጥቂት ጥቂት አለ። ይህ ሕንጻ የተሠራበት ድንጋይ ውስጥም አለ።"

ሰውየው ግድግዳውን ተመለከተ።

"እንግዲያስ 'አለመኖሩን አረጋግጠናል' እንበል" አለች።

"እንዴት አረጋገጥሽ? ቆፈርሽ?"

"'እስካሁን አላገኘንም' ቢባልስ?"

"እስካሁን አይባልም!" አለ ሰውየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ። "እስካሁን ካላችሁ ነገ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው!"

ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሌላ ሻይ መጣ። በመጨረሻ ሰውየው ወረቀቱን ነጥቆ በራሱ እጅ አንድ መስመር ጻፈና ወደ እነሱ ገፋው። "ዩራኒየም የለንም" ይላል። ዐቦኮር አገላብጦ አየው። "የለንም። አዎ፣ የለንም። ይህ እውነት ነው" ብሎ ፈረመ። እናትአለም ከሥሩ ፈረመች። ማኅተም ተመታበት። ከቢሮው ወጥተው ሁለቱም ፀሐይ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ የሳቀው ዐቦኮር ነው። የሒሳብና የፊዚክስን ዝምድና በተመለከተ ሁለቱ በጋራ ያወጡት ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው፤ ቅጂ ቢጠይቁ አልተሰጣቸውም።

ከተማው ግን አላመነም። "ባይኖር ኖሮ የለም ብለው ያስፈርሟቸው ነበር?" አለ ፉአድ፤ ንግግሩም ሚዛን የሚደፋ ሆነ። እሱ ራሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ድንጋያማ መሬት ገዛ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በዚያ በኩል አስፋልት ወጣና መሬቱ ወርቅ ሆነ። ፉአድ እስከ ዛሬ ድረስ በየዒዱ ለእናትአለም አንድ ካርቶን ቴምር ይልካል፤ ነገሩን ለማስረዳት ብትሞክር ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል።

እናትአለም ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረች። ብቸኛ ቁጥሮቿን እንደ ድሮው ብቻዋን አትጎበኛቸውም፤ በገባች ቁጥር ዐቦኮር ከነጢሙ እዚያ ተቀምጦ ታገኘዋለች። አንዳንድ ቀን ይህ ያናድዳታል። ማንም የማይፈልገው ነገር ነበራት፤ አሁን የለም። ሲታመምና ትምህርት ቤት ሳይሄድ ሲቀር ግን ዑባህ ጋ ስልክ የምትደውለው መጀመሪያ እሷ ናት፤ "ያ ሰውዬ ለምን ዝም አለ?" ትላለች።

ዑባህ በ2005 አረፈች። ዐቦኮር በዓመቱ ጡረታ ወጣና ቶጎጫሌ ወደ ልጁ ወደ ሳብሪን ሄደ። ሳብሪን እዚያ ድንበር ላይ ሱቅ ከፍታ ብርድ ልብስና ፔርሙስ ታከፋፍላለች። እናትአለም በ2009 ጥር ላይ ልትጠይቀው በሚኒባስ ሄደች። ሱቁ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ማንበብ አይችልም። ጭነት መኪናዎች አቧራቸውን እያስነሡ ያልፋሉ፤ እሱ በድምፃቸው ከነጭነታቸው ይለያቸዋል።

"አዲስ ነገር አለ?" አላት ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

ከስልኳ ላይ አንድ ጽሑፍ አነበበችለት። ዐቦኮር ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ፤ ከዚያ እጁን አነሣ። "ቆይ፣ እዚያ ላይ ድገሚው።"

ደገመችው። የዩራኒየም መስመሮችና የብቸኛ ቁጥሮች ዜሮዎች የሚገፋፉበት ኃይል ፍጹም አንድ አይደለም፤ ዜሮዎቹ ትንሽ ባስ አድርገው ይገፋፋሉ ይላል።

"ስለዚህ መንታ አይደሉም!" አለ ዐቦኮር። "የአጎት ልጆች ናቸው። አሥር ዓመት ሙሉ አታለልሽኝ!"

"እኔ መንታ ናቸው አላልኩም። ልክ እንደርስዎ መስመሮች ናቸው አሉ ነው ያልኩት።"

"'ልክ' ብለሻል።"

"'አሉ' ብያለሁ!"

ሳብሪን ከውስጥ ወጥታ ደንበኞች እየሸሹ ነው አለቻቸው። እነሱ ግን ምሳ እስኪቀርብ አላቆሙም፤ ምሳውም ላይ ቀጠሉ። ዐቦኮር ያን ቀን ዓይኑን እንዳመመው ረስቶ፣ ጠረጴዛው ላይ በሩዙ ውስጥ በጣቱ መስመር እያሰመረ አንዱን ከአንዱ ሳያይ ሲያራርቅ ዋለ።

አመሻሹ ላይ ስትነሣ አንድ ባለ አበባ ወፍራም ብርድ ልብስ አስይዞ ሸኛት። ሚኒባሱ ወደ ጅጅጋ ሲመለስ ኬላው ላይ ቆመና ፈታሽ ገባ። ጭኗ ላይ ያለውን አየ።

"ይሄ ንግድ ነው ወይስ ስጦታ?"

"ስጦታ ነው።"

"ከማን? ዘመድ አለሽ ቶጎጫሌ?"

እናትአለም ባልደረባዬ እንዳትል ባልደረባነት ቀርቷል፤ ወዳጄ እንዳትል ጠዋት እንዴት እንደተጯጯሁ ትዝ አላት። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ቶሎ በይ አሏት።

"የምከራከረው ሰው ነው የሰጠኝ" አለች በመጨረሻ።

ፈታሹ ብርድ ልብሱን ጎኑን ጫን አድርጎ ነካ፣ ውስጡ የተጠቀለለ ሌላ ዕቃ እንደሌለ አረጋገጠና ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈ።